መውጫ ያጣችው ኤንትሬ

ትናንት ከአስኮ ተሳፍሬ ስመጣ ቡራዩ ኬላ ሳልደርስ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። የጉልበቴን ነገር የሚያውቁ የሰፈር ሰዎች «ምን ነካህ?» አሉኝ። ተናድጄ ነዋ፤ ሌላ ምን ይነካኛል! ከፊታችን አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ጥቁር ጭሷን እያትጎለጎለች ዳገቱን ትገፋለች። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ «ይሄ ቆሻሻ እስካሁን አልተጣለም እንዴ? ሙዚየም ነው የሚያስፈልገው» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀለት። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ጭስ ውስጥ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ። «አንተ ልጅ፣ የተወለድክበት ቤት አሸዋው በምን የመጣ መሰለህ? ነፋስ ያመጣው?» አልኩት። «አባባ፣ ይረጋጉ፤ ቀልድ እኮ ነው» አለኝ። አባባ ይረጋጉ! ይህችን ቃል ከስንቱ አፍ ሰማኋት! ሊያፈርስ የመጣም ይረጋጉ ይልሃል፣ ሊሸጥልህ የመጣም ይረጋጉ ይልሃል፣ የተወሰደብህን ልትጠይቅ ስትሄድም ወንበር ሳይሰጡህ ይረጋጉ ይሉሃል። «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ።

ስራመድ ሽታው ተከተለኝ። በቅጡ ያልነደደ ናፍታ፣ የጋለ ዘይት፣ ትንሽ የተቃጠለ ላስቲክ። ሌላው ሰው ያስነጥሰው ይሆናል፤ እኔን ግን እዚያው መንገድ ዳር አቆመኝና ኦቦ ዲንቃን አስታወሰኝ፣ ነፍሱን ይማርና። እሱ ትዝ ሲለኝ ንዴቴ የሚበርድ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ ጭራሽ ባሰብኝ።

ኦቦ ዲንቃ ከገፈርሳ ወዲህ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ ካለው ሰፈር የተወለደ ገበሬ ነበር። አባቱም አያቱም እዚያው አርሰው እዚያው የተቀበሩ ናቸው። እኔ ደግሞ ሹፌር፤ ሹፌርነቱ ሲያልቅ መካኒክ። የተዋወቅነው ሁለታችንም ጎልማሶች ሳለን በድርቆሽ ነው። የሚስቱ ቤተሰቦች ሱሉልታ ሰፊ የሣር ሜዳ ነበራቸው፤ ሣሩ በጥቅምት ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ፣ እኔ በምነዳት ኤንትሬ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ኤንትሬ ማለት ያቺ አፍንጫዋ ደፍጠጥ ያለች፣ መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነ የጣሊያን መኪና ናት። ሞተሯ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ስለሆነ በክረምት እግርህን ታሞቅልሃለች፣ በበጋ ደግሞ ትቀቅልሃለች። ድርቆሹ ከፎቅ በላይ ይቆለልና እኛ ከታች አፍንጫችን ብቻ ይታያል። አዲሱ ገበያ ስንደርስ ቆመን ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ፓስቲ በስሙኒ። እኔ ካኪ ኮት፣ አንገቴ ላይ ቼክ ሻርፕ፣ ፀጉሬን በቅባት ወደኋላ ለጥጬ። ያኔ ሹፌር ሲባል ሴቶቹ ከሱቁ ደጅ ዞር ብለው ያዩ ነበር፤ ዛሬ ሹፌር ስትል ትራፊክ ብቻ ነው ዞሮ የሚያይህ። በጋቢናዋ ሬዲዮ ሳክስፎን የበዛበት ዘፈን ይለቀቃል። ዲንቃ አማርኛው ገና ያልተፍታታ፣ ግጥሙን ግማሹን በኦሮምኛ እየሞላ ከእኔ በላይ ይዘፍናል። እኔ እስቅበታለሁ፤ እሱ ደግሞ የእኔን ኦሮምኛ ሰምቶ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ማንም ማንንም አንተ ከየት ነህ ብሎ የጠየቀበትን ቀን አላስታውስም።

መኪናዋ የአንድ ነጋዴ ነበረች። ሰውዬው ሞተ፣ ወራሾቹ አዳዲስ መኪና ገዙ፣ እሷን ግቢ ውስጥ ባህር ዛፍ ሥር ጣሏት። ከብዙ ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጧት እንደሆነ ዲንቃ ሰማ። አይ ዲንቃ! ሮጦ ሄዶ ብረት አቅላጮቹ ሊከፍሉ የነበረውን ከፍሎ ገዛት። በሌላ መኪና አስጎትቶ፣ ጤፉ ታጭዶ ባዶ በሆነው ማሳው ላይ አሳልፎ ግቢው አስገባት። ከዚያ እኔን አስጠራኝ። ስመጣ ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። «አካም ጅርታ፣ ወርቁ?» አለኝ በደስታ፤ «እሷ ናት፣ አወቅካት?» «አውቄያታለሁ፤ ሞታለች» አልኩት። «አንተ ካለህ ትነሳለች» አለኝ። እንዲህ እያለ ነው ሰውን የሚይዘው።

ለጨዋታ ግን አልነበረም። ጊዜው ያ ማስተር ፕላን፣ ማስተር ፕላን የሚባልበት ጊዜ ነበር። ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ፤ ልጆች መንገድ የወጡበትና እናቶች ያለቀሱበት ዘመን ካልኳችሁ ይበቃችኋል። ወረቀቱን በዓይኑ ያየ ሰው እስከዛሬ አላገኘሁም። ከተማዋ ትሰፋለች፣ ሰበታም ሱሉልታም ቡራዩም ይገባሉ አሉ። የት እንደሚገቡ፣ ማን ደግሞ እንደሚወጣ የሚነግርህ የለም። ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክለው በዲንቃ ማሳ ውስጥ እየተራመዱ ለኩ፤ ካስማ ተከሉ፤ ውሃ እንኳ አንጠጣም ብለው ሄዱ። ዲንቃ ካስማው ሥር ተቀምጦ የነገረኝ አይረሳኝም። «መሬቱን ከወሰዱብኝ በምን እኖራለሁ ወርቁ? በአባቴ ማሳ ላይ ለሚቆም ፎቅ ዘበኛ ልቀጠር? ሌሊት ሌሊት በባትሪ የራሴን መሬት ልጠብቅላቸው? ይቺ መኪና ከተነሳች ግን ከሱሉልታ ድርቆሽ እየጫንኩ የማንም እጅ ሳላይ እሞታለሁ።» ከዚያ በኋላ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ሁለት ክረምት ሠራን። ሞተሯ ነክሶ ድርቅ ብሏል። በየሲሊንደሩ ናፍታና ዘይት ደባልቀን አፍስሰን እንዲጠጣ ተውነው። በየጠዋቱ ቮላኖ የምንለውን ትልቁን መዘውር በረጅም ብረት እየታገልን ልናዞር እንሞክራለን፤ አይነቃነቅም። ዲንቃ በኦሮምኛ ያባብላታል፣ እኔ በአማርኛ እሰድባታለሁ። አንድ ጠዋት ጠቅ አለ። የጣት ስፋት የምታህል ነገር ዞረች፤ ሁለታችንም ብረቱን ጥለን ተያየን። ከዚያ በኋላ የሞተሯን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አውርደን፣ ቫልቮቹን አጥበን፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን በመቀስ ቆርጠን፣ ጋቢናውን ቀጥቅጠን፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብተን፣ እየገነባናት ሄድን። ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ስሄድ ሻጮቹ «ይሄ እኮ የለም፣ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ይሉኛል። ሁሉም ነገር አዲስ ግዛ! ሰውንስ አዲስ ትገዛላችሁ ወይ ብዬ ጮሄባቸው አውቃለሁ።

አሁን የግቢውን ነገር ልንገራችሁ፤ ጣጣው ያለው እዚያ ነው። ከጀርባው ገደል ነው፣ ታች ወንዝ ይሄዳል። ግራና ቀኙን የዲንቃ ወንድሞች ድሮ ሸጠውት ቤት በቤት ሆኗል። የቀረው ከፊት ያለው፣ መኪናዋ የገባችበት የጤፍ ማሳ ብቻ ነው። እሱም ከጎረቤቶቹ ማሳ ጋር የተያያዘ ነውና በየሳምንቱ ይጠባል። ደላሎች እንደ ዝንብ ወረሩን። ለገበሬው «ነገ በነጻ ይወስዱብሃል» ይሉታል፤ ቤት ላጣው ደግሞ «ዛሬ ካልገዛህ ነገ አታገኝም» ይሉታል። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ አፍ! ጎረቤቱ ሁሉ በመንደር ውል እየቆረሰ ሸጠ። ማታ ሜዳ የነበረው ጠዋት ቤት ሆኖ ይገኛል፤ የጨረቃ ቤት የሚሉት ነው። ዲንቃ ግን «እኔ አልሸጥም» ብሎ ምሎ ነበር።

የውሃ ፖምፓዋ ዘንግ ተበልቶ ስላለቀ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ላሠራው ሰበታ ሄድኩ። እዚያ የአሮጌ ብረት ነገር የሚገባው አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ዘንጉን ለማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን እኔ እንደደረስኩ መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ሆነ፤ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ስልክ አይሠራም። ቶርኖ ቤቱን ዘግተን እኔና ወዳጄ ውስጥ ተቀምጠን ሽሮ እየበላን ሰነበትን። የጎረቤቱን ልጅ አስከሬን ይዘው ሲያልፉ በቆርቆሮው ሽንቁር አየሁ። ነጠላ አልብሰውታል፤ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ፣ አንደኛው ጫማ የለውም። ወዳጄ «ትናንት እዚህ መጥቶ የብስክሌት ጎማ አስነፍቶ ሄደ» አለኝና ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። ያንን ልጅ ማን እንደገደለው እስከዛሬ የነገረን የለም፤ ለእናቱም የነገራት ይኑር እንጃ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ስለዚያ ዘመን እየሳቀ ሲያወራ ደሜ ይፈላል።

መንገዱ ሲከፈት ዘንጌን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ቡራዩ ተመለስኩ። ወደ ዲንቃ ግቢ ስታጠፍ እግሬ ቆመ። ከማሳው የቀረችው የዲንቃ ድርሻ የት ሄደች? በቦታው ጭቃው ገና ያልደረቀ፣ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ ቤት ቆሟል። ከጎኑ ሰውና አህያ ብቻ የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ ቀርታለች።

«ማል ታኤ ዲንቃ? ይሄ ምንድነው?» አልኩት ገና ሰላም ሳልለው።

«ሸጥኩት» አለኝ።

«ምኑን ሸጥከው?»

«ቦታውን ነዋ። ካልሸጥክ ይወሰድብሃል ብለው አስፈራሩኝ። የናፍታ ፖምፓም ተገኘልኝ፤ ኦርጅናል! ብር ከየት ላምጣ? አንተ ደግሞ ጠፋህ፣ ሞተሃል ብለን ነበር። ና ላሳይህ፣ ፖምፓውን አየኸው?»

«ፖምፓውን ተወውና፣ መኪናዋ በየት ልትወጣ ነው?»

ዲንቃ ወደ መኪናዋ አየ፣ ወደ ቤቱ አየ፣ ወደ ገደሉ አየ። ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «እሱን አላሰብኩትም» አለኝ።

አላሰብኩትም! ጮህኩበት። ሰፈሩ እስኪወጣ ጮህኩበት። «ክንፍ ልትገጥምላት ነው? በገደሉ ልትወረውራት ነው? ሁለት ክረምት በጭቃ ላይ የተንደባለልኩት ለጌጥ ነው?» ዘንጉን ከነጋቢዬ እግሩ ሥር ወርውሬ ሄድኩ። ሲበርድልኝ ገባኝ። ዲንቃ በዕድሜው መውጫ የሚባል ነገር አስቦ አያውቅም። ከማሳ ወደ ማሳ፣ በፈለገው በኩል ሲሄድ የኖረ ሰው ነው፤ ሁሉም ክፍት ነበር። ከብት በዚህ ይወጣል፣ ሙሽራ በዚህ ይገባል፣ ማን ይዘጋዋል? እንኳን እሱ፣ እኔም መንገዱን የሚዘጋ ነገር ይመጣል ብዬ ቃል አውጥቼ አላስጠነቀቅኩትም። የሚገባኝ ቢሆንም ግን ንዴቴ አልለቀቀኝም፤ በሳልስቱ ተመልሼ ዘንጉን ስገጥም እንኳ አላነጋገርኩትም ነበር።

የቤቱ ባለቤት ማርቆስ ይባላል፤ ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ በየፎቁ ሥራ የሚውል ግንበኛ። ሚስቱ አስቴር ክር ፋብሪካ ትሠራለች፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው። ጴንጤዎች ናቸው፤ እሁድ እሁድ እሱ በጊታር እሷ በድምፅ መዝሙሩን ሲያቀልጡት የእኛ መዶሻ እንኳ አይሰማም። ላባርረው ሄጄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። «ስማ አንተ፣ ይሄ የመኪና መንገድ ነው» አልኩት። ሰውዬው አልተቆጣም። «ጋሼ፣ እኔ የገዛሁት ኦቦ ዲንቃ ራሳቸው ዳር ዳሩን እየረገጡ አሳይተውኝ ነው። ቦታ ያግኙልኝና ነገ አፍርሼ እሄዳለሁ። በኪራይ ቤት ስድስት ጊዜ ተባርረናል፤ ሰባተኛው ላይ አቅም የለኝም» አለኝ። ምን ትለዋለህ? መቆጣት ፈልገህ የምትቆጣው ሰው ስታጣ ያንገበግባል። ደላላውን ፈለግኩት፣ ስልኩን ቀይሯል።

መኪናዋ ተነሳች። ከአንድ ገልባጭ መኪና ባትሪ ተውሰን፣ አየሩን ከናፍታው ቱቦ አስወጥተን፣ ዲንቃ ጋቢና ወጣ፣ እኔ ፖምፓው ጋ ቆምኩ። ማስነሻው ሞተሪኖ አቃሰተ፤ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ጠፋ። ደገምን፤ ሳል ብቻ። በሦስተኛው ነጩ ጭስ ጠቆረ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ያ ዱክ ዱክ የሚለው ድምፅ ግቢውን ሞላው። ዲንቃ መሪው ላይ ተደፍቶ «ያ ዋቅ! ያ ዋቅ!» እያለ አምላኩን እየጠራ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፤ ጭሱ ነው ብያለሁ። ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ማርቆስ በጭቃ እጁ እያጨበጨበ «ሃሌሉያ!» አለ። «ሃሌሉያህን ትተህ ግድግዳህን አንሳልኝ!» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ማርቆስም ሳቀ። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው እስከዛሬ ሳቅም ንዴትም ይመጣብኛል። ዲንቃ በየጠዋቱ ኮቱን ለብሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጋቢና ይወጣል። ሞተር ያስነሳል፣ ያሞቃል፣ በአንደኛ ማርሽ እስከ ማርቆስ ግድግዳ ይሄዳል። እዚያ ይቆማል። ከዚያ ማርሹን ወደኋላ አስገብቶ ወደ ገደሉ ጫፍ ይመለሳል። እንደገና ወደ ግድግዳው። መኪና ማለት ይሄ ነው፤ ሱሉልታ ድረስ ድርቆሽ ልታመጣ ያነሳናት መኪና ግቢ ውስጥ እንደታሰረ በሬ ትንጎራደዳለች። አስቴር ያሰጣችው ልብስ ሁሉ በጭስ ይጠቁራል። «ኦቦ ዲንቃ፣ እባክዎ፣ የልጆቹ ዩኒፎርም!» ትላለች። እሱም «እሺ ልጄ፣ አሁን አጠፋለሁ» ይልና ጠዋት ይደግመዋል። ሽማግሌ ተቀመጠ። ማርቆስ ይነሳ እንዳይባል የሚሰጠው ቦታ የለም፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የዲንቃ ቀሪ ማሳ ካስማ ተተክሎበታል። ሽማግሌዎቹ ወደ መኪናዋ፣ ወደ ቤቱ፣ ወደ ገደሉ አዩና ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

መካከል ላይ ሁከቱ እንደገና ተነሳ። አምቦ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ ተቃጠለ። አንድ ሰው «የእናንተዋ መውጫ ማጣቷ እኮ አዳናት» ቢለኝ በጥፊ ልለው ነበር፤ እንዲህ ያለ ማጽናኛ ማን ጠየቀው? ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ ጎረምሶች ወደ ሰፈሩ ገቡና ማርቆስ ደጅ ቆመው «ይሄ መጤ ነው፣ የኦቦ ዲንቃን መንገድ የዘጋው ይሄ ነው፣ ይውጣ!» ማለት ጀመሩ። ልጆቹ ውስጥ ያለቅሳሉ። ዲንቃ ከሞተር ሥራ እንደተነሳ ሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። በራሳቸው ቋንቋ ጀምሮ፣ ማርቆስም እንዲሰማው በአማርኛ ጨረሰው። «መሬቱን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። መንገዴን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚህ ሰው ጋር የምጣላ ከሆነ ጠቡ የእኔ ነው፣ እናንተን አላገባሁበትም። አባቶቻችሁን አውቃቸዋለሁ፤ አሁኑኑ ሂዱ!» ሄዱ። ዲንቃ ተመልሶ የመኪናዋ ጎማ ሥር ቁጭ አለ። አስቴር ውሃ ይዛለት መጣች።

ዛሬ እዚያ ብትሄዱ ግቢውንም ገደሉንም አታገኟቸውም። አምስት ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ካፌ ነው። ባለፈው ገብቼ ማኪያቶ ጠየቅኩ፣ ዋጋውን ስሰማ ድሮ በዚያ ብር የኤንትሬ ጎማ ይገዛ እንደነበር ለአስተናጋጇ ነገርኳት። ፈገግ ብላ ሂሳቡን አመጣችልኝ። መስተዋቱ ላይ «የተረጋጋ አካባቢ» ብለው ቤት ለሽያጭ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ማን ያረጋጋው? ማንን አውጥተው አረጋጉት? ዲንቃ ካስማ የተተከለበትን ማሳ አጣ፤ ካሳ ያሉት ነገር መጥቶ ሳያየው አለቀ። መኪናዋ ግን ወጥታ ዓመታት ከሱሉልታ ድርቆሽ ጫነች፤ ዲንቃም እንዳለው የማንንም እጅ ሳያይ ሞተ። እንዴት እንደወጣች ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ አሳጥሬ ነበር የምናገረው። ዛሬ ግን አላሳጥርም።

ሰኔ ሊገባ ሲል ነው። በመንደር ውል በተገዙት ቤቶች ሁሉ ላይ በቀይ ቀለም የመስቀለኛ ምልክት ጻፉ። የዲንቃ ቤት ነባር ነው ተብሎ ተተወ፤ የማርቆስ ላይ በሩ መሀል ጻፉበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት ዶዘር መጣ፣ ከኋላው መሣሪያ የያዙ ሰዎች። ማርቆስ ሥራ አልሄደም፤ ቆርቆሮውን ራሱ እየነቀለ ያወርዳል፣ ምስማሩን እንኳ ሳይጥል በጣሳ ይሰበስባል። አለቃ መሳዩን፣ ጥቁር መነጽር ያደረገውን ሄጄ ያዝኩት። «ማን አዘዘህ?» «ከላይ ነው።» «ከላይ ማን?» «ጋሼ፣ ከላይ ነው አልኩዎት እኮ፤ እኔ ታዛዥ ነኝ።» ሰማይ ነው እንዴ? እግዜር ነው ያዘዘህ? ያ ሁሉ ቤት ሲፈርስ ስም ያለው ሰው አንድ እንኳ አልተገኘም። ዶዘሩ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ገፋው፣ ወደቀ። አቧራው ሲጠፋ ሰውዬው ሰማያዊዋን መኪና አየና ሳቅ አለ። «ደግሞ እናንተን ጠቀምናችሁ እንጂ ምን አደረግናችሁ? ይኸው፣ መንገድ ከፈትንላችሁ!»

በዕድሜዬ ሰው ልመታ እጄን ያነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዲንቃ ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ሰውዬውን አየውና «እኔ መንገድ ከአንተ አልጠየቅኩም» አለው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ ወደ ማርቆስ ዞሮ «ዕቃህን ጫን» አለው። «ወዴት ኦቦ ዲንቃ?» «ሱሉልታ፣ የሚስቴ ወንድም የድርቆሽ መጋዘን ባዶ ነው። ክረምቱን እዚያ ትከርማላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እናያለን።»

የመኪናዋ የመጀመሪያ ጭነት ድርቆሽ አልነበረም። ቆርቆሮ፣ በር፣ ሁለት መስኮት፣ አልጋ፣ ጀሪካን፣ ጊታሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። አስቴርና ልጆቹን ጋቢና አስገባናቸው። ዲንቃ ሞተር አስነሳ፣ እኔ ከጎን የኋላ ጎማውን እያየሁ እሄዳለሁ። የፈረሰውን ጭቃና እንጨት ዶዘሩ ግራና ቀኝ ከምሮታል፤ ክፍት የቀረው መሀሉ ብቻ ነው። መሀሉ ደግሞ የቤቱ ወለል ነው። ቀይ ሊሾ፣ የሚያብለጨልጭ፤ ግድግዳው ጭቃ ይሁን እንጂ ወለሉ የፎቅ ቤት ወለል ነበር። የፊት ጎማው ጫፉ ላይ ሲደርስ መኪናዋ ቆመች።

«ምን ሆንክ? ንዳ እንጂ!» አልኩት።

«አልችልም» አለኝ፤ እግሩ ፍሬን ላይ ነው። «ልጆቹ የሚተኙበት ነው። ጎማ አላስረግጥም።»

ያ ባለ መነጽር ሰዓቱን እያየ «ቶሎ በሉ!» ይላል። ማርቆስ ከላይ፣ ከዕቃው መሀል ዘሎ ወረደ። ወለሉ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ፣ ሁለት እጁን ከፍ አደረገና እንደ ረዳት ወደኋላ እየተራመደ ይጠራው ጀመር። «ይምጡ ኦቦ ዲንቃ! ይምጡ፣ አይፍሩ! ብረት አስሬበታለሁ፣ ድንጋይ ነጥፌበታለሁ፣ ይችላል! ቀኝ ያዙ… ይምጡ… ይምጡ…»

ዲንቃ ፍሬኑን ለቀቀ። ያቺ ብረት በብረት የሆነች መኪና በማርቆስ ቤት ላይ፣ ማርቆስን ከፊቷ አድርጋ፣ ቀስ ብላ አለፈች። መንገዱ ላይ ስትወጣ ማርቆስ ተመለሰና ተንበረከከ። ጎማዋ የረገጠውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፉ ዳሰሰው። ቀና ሲል እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

«አዩት ጋሽ ወርቁ?» አለኝ፤ «አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም።»